«ፎር ዊል ነው፣ ምን ይሆናል?» ለምትሉ

መኪና ላይ የበረዶ መግፊያ ምላጭ መግጠም ሥራዬ ነው። የበረዶው ወቅት ሲቃረብ ደንበኛው ገና ከጋቢና ሳይወርድ የሚለኝን አውቀዋለሁ። «ፒካፕ ነው፣ ፎር ዊል ነው፣ 800 ኪሎ ይጭናል። ምላጩ 300 ኪሎ ነው። ምን ይሆናል?»

ብዙ ነገር ይሆናል እንጂ! 800 ኪሎው ለመኪናው በጠቅላላ የተባለ ነው፤ እሱም አብዛኛው ጭነት ከኋላ ያርፋል ተብሎ ነው። ምላጭ ግን ከፊት ጎማ አልፎ ነው የሚንጠለጠለው። እስቲ እናስላው። በፊትና በኋላ አክስል መካከል 3.5 ሜትር አለ እንበል። የምላጩ ክብደት ከፊት አክስል 1.2 ሜትር ወጣ ብሎ ይንጠለጠላል። ሲነሳ የፊት አክስል የሚሸከመው 300 ኪሎ ሳይሆን 400 ገደማ ነው። ትርፉ 100 ኪሎ ከየት መጣ? ከኋላ ጎማዎች ተቀንሶ ነዋ! ፊቱ ይጨነቃል፣ ኋላው ይቀላል። ፎር ዊል ጉልበት ለአራቱም ጎማ ያደርሳል እንጂ ሞላና ኩሽኔታ አያጠነክርም።

ይህን ብነግረው «አታካብድ» ብሎኝ ሌላ ቦታ ያስገጠመ ሰው ነበር። ወቅቱ ሳያልቅ መጣ። የፊት ሞላው ተቀምጧል፣ የመሪው መገጣጠሚያዎች ላልተዋል፣ ፍሬን ሲይዝ ኋላው ይዋኛል። የጥገናው ሒሳብ ቀለል ያለ ምላጭ ይገዛ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የሾፌሩን በር ክፈቱ። ፍሬሙ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ የፊት አክስል ስንት እንደሚችል ታገኛላችሁ። ነዳጅ ሞልታችሁ፣ ሰው አሳፍራችሁ የፊቱን ጎማዎች ሚዛን ላይ አውጡ። ከተፈቀደው ላይ ስትቀንሱ የሚተርፈው ነው የምላጩ ድርሻ፤ ምላጩ ወጣ ብሎ በመንጠልጠሉ የሚመጣውን ያን ትርፍ ግን አትርሱ። ከዚያ ከኋላ አክስል በስተጀርባ ማመጣጠኛ የአሸዋ ከረጢት ጫኑ። እሰሩት! ያልታሰረ ከረጢት ፍሬን ስትይዙ ወደ ጋቢና ነው የሚመጣው።

«ምላጩ መኪናውን ካከለ ይበቃል» የሚሉም አሉ። ቀጥ ብሎ ሲቆም ብቻ ነው። 2.3 ሜትር ምላጭ 30 ዲግሪ ሲዞር የሚጠርገው 2 ሜትር ገደማ ነው። ጎማችሁ ከዚያ ውጪ ከሆነ ያልተጠረገውን እየደፈጠጣችሁ ትሄዳላችሁ።

«ፈጠን ስትል በረዶው ጥሩ ይበራል።» አዎ፣ ከሥሩ የተደበቀው የጠርዝ ድንጋይ እስኪያገኛችሁ ድረስ። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይበቃል።

«ምላጭ ካምቢዮ ይገድላል» የሚባለውስ? ገዳዩ ብዙ ጊዜ ሾፌሩ ነው። መኪናው ወደ ኋላ እየተንከባለለ ወደ ፊት ማርሽ ያስገባል፤ ይህንኑ ሌሊቱን ሙሉ ይደጋግመዋል። ቁሙ፣ ከዚያ ቀይሩ።

መንገድ ላይ ሞተሩ ሲግል ደግሞ ራዲያተሩን አትርገሙ። ከፍ ብሎ የተነሳ ምላጭ አየር ይዘጋበታል። ዘወር አድርጉት፣ መሬት እንዳይነካ ሆኖ ዝቅ ይበል።

«ዘንቦ ይለቅና አንዴ እጠርገዋለሁ» ለሚለው አልከራከርም። ግማሽ ሜትር እርጥብ በረዶ ሲገፋ ራሱ ይረዳዋል። እናንተ ግን 10 ሴንቲ ሳይሞላ ጀምሩ። የመጀመሪያውን ክምር ከመንገዱ ጠርዝ አርቃችሁ ግፉት፤ እዚያው ከደረቀ ለቀጣዩ ቦታ የለም።