ላይቭ አክሽን ምንድን ነው? ከአንድ የተጠላ ፊልም ስንነሣ

አንድ ትንሽ ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ከፊቱ የፈተና ወረቀት አለ፤ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። ድንገት የክፍሉ ግድግዳ ይጠፋና ልጁ መኪና ሲያስወነጭፍ እናየዋለን። ጎዳናው፣ ሕዝቡ፣ ተፎካካሪዎቹ ሁሉ አንድ ሕፃን በደብተሩ ጀርባ የሞነጫጨራቸው ባለ ቀለም ሥዕሎች ናቸው። መሪውን የጨበጠው ልጅ ግን ሥዕል አይደለም፤ ሥጋና ደም ያለው እውነተኛ ልጅ ነው።

«ስፒድ ሬሰር» የተሰኘው ፊልም ገና ከመነሻው የሚያሳየን ይህንን ነው። በ2008 ለእይታ ሲበቃ (ዓመታቱንም ወራቱንም የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አብዛኞቹ ሃያስያን አብጠለጠሉት፤ ተመልካቹም ፊቱን አዞረበት። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ የምወደውም በሹክሹክታ አይደለም። «ላይቭ አክሽን» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከተሳካላቸው አሥር ፊልሞች ይልቅ ይህ የወደቀው አንዱ ይበቃል ባይ ነኝ።

ላይቭ አክሽን ማለት በአጭሩ ሕያው ተዋናይ ካሜራ ፊት ቆሞ የሚቀረጽ ፊልም ነው። ነገር ግን ስለ አንድ ተራ የፍቅር ፊልም «ላይቭ አክሽን ነው» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ቃሉ የሚነሣው በሥዕል ተወልዶ በሥዕል ያደገ ታሪክ፣ ካርቱንም ይሁን አኒሜ (የጃፓን ካርቱን)፣ ለሰው ተዋንያን ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ ቃሉ የአንድ ፊልም ዓይነት ስም ብቻ አይደለም፤ ከሥዕል ወደ ሥጋ የሚደረግ የስደት ስምም ሆኗል። ስደተኛው ደግሞ ወይ የደረሰበትን አገር ልማድ ይቀበላል፣ ወይም የራሱን ይዞ ይመጣል። የክርክሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ እንቆቅልሽ ላንሣ። በ2019 ዲዝኒ የራሱን «ዘ ላየን ኪንግ» እንደገና ሠርቶ አወጣ። ዓለም በሙሉ «ላይቭ አክሽን» እያለ ጠራው። ውስጡ ግን አንድም እውነተኛ አንበሳ የለም። ዳይሬክተሩ ጆን ፋቭሮ ራሱ እንደተናገረው በፊልሙ ውስጥ በእውነተኛ ካሜራ የተነሣው አንድ ምስል ብቻ ነው፤ እሱም የመክፈቻው የፀሐይ መውጫ። የቀረው ሁሉ፣ እስከ ሣሩ ድረስ፣ በኮምፒውተር የተሠራ አኒሜሽን ነው። «ስፒድ ሬሰር» ውስጥ ግን ኤሚል ኸርሽ፣ ክሪስቲና ሪቺ፣ ጆን ጉድማንና ሱዛን ሳራንደን በአካል አሉ፤ ሆኖም ፊልሙን አንድ ደቂቃ ያየ ሰው «ይህ ካርቱን ነው» ይላል። የመጀመሪያው ሥዕል ሆኖ ሳለ እውነት ለመምሰል ይጥራል፤ ሁለተኛው እውነት ሆኖ ሳለ ሥዕል ለመምሰል። ሕዝቡ የትኛውን እንደመረጠ ገንዘቡ ይናገራል፤ አንበሳው ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ፣ መኪናው 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከመላው ዓለም የሰበሰበው 94 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ሲኒማ ቤቶች ከቲኬቱ ድርሻቸውን እንደሚወስዱ፣ የማስታወቂያ ወጪም ለብቻው እንደሚቆጠር ስናስታውስ ኪሳራው ከዚህም የከፋ ነው።

የታሪኩ መነሻ ጃፓን ነው። ታትሱዎ ዮሺዳ የሣለውን ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ) እሱ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ታትሱኖኮ የተባለው ድርጅት በ1967 እና በ1968 ባለ 52 ክፍል የቴሌቪዥን ተከታታይ አደረገው። የጃፓንኛ ስሙ «ማሃ ጎጎጎ» ነው፤ ይህም ቅኔ አለው። «ጎ» በጃፓንኛ አምስት ነው፤ የመኪናዋ ስም ማክ አምስት ነው፤ የጀግናውም ስም ጎ ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ «ሂድ» ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ሲያስተረጉሙት ቅኔው ፈሰሰና ጀግናው «ስፒድ» ተባለ። ገጸ ባሕርያቱም ከተሣለው አፍ እንቅስቃሴ ጋር ለመስማማት ሲሉ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው በጥድፊያ የሚናገሩ ሆኑ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሙሉ ትውልድ ያደገው ይህን እያየ ነው።

ፊልሙን የሠሩት ሊሊና ላና ዋቻውስኪ ናቸው፤ በ1999 «ዘ ማትሪክስ»ን የሠሩት። ያን ጊዜ ጥቁር ካፖርትና አረንጓዴ ጥላ ያለበሱን ሰዎች ናቸው እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ቆይተው ከረሜላ የመሰለ ፊልም ይዘው ብቅ ያሉት። ተከታዮቻቸው ግራ ቢጋቡ አልፈርድባቸውም።

አሁን ወደ አሠራሩ ጠጋ እንበል፤ የሰውን ዓይን ያሳመመው ነገር ያለው እዚያ ነውና። አውራ ጣታችንን ዓይናችን ፊት አቁመን ብናይ ከኋላው ያለው ግድግዳ ይደበዝዛል፤ ግድግዳውን ብናይ ጣታችን ይደበዝዛል። የካሜራ ሌንስም እንደዚሁ ነው፤ አጥርቶ የሚይዘው አንድን ርቀት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ፊልም ስንመለከት ይህ ድብዝዝታ «እዚህ ተመልከት» እያለ ሲመራን ኖሯል፤ እኛ ግን ልብ ብለነው አናውቅም። የጥንት ካርቱን ውስጥ ይህ መሪ የለም። ገጸ ባሕርዩ የሚሣለው ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ላይ ነው፤ ፕላስቲኩ መልክዓ ምድሩ በተሣለበት ወረቀት ላይ ይነጠፋል፤ ሁለቱ እንደተደራረቡ ከላይ ፎቶ ይነሣሉ። የጀግናው አፍንጫና የሩቁ ተራራ እኩል ጥርት ያሉ ይሆናሉ።

ዋቻውስኪዎቹ ይህን በሰው ላይ ለመድገም ቆረጡ። ተዋንያኑን ጀርመን ውስጥ፣ ፖትስዳም በሚገኘው በባቤልስበርግ ስቱዲዮ፣ በአብዛኛው በኋላ በሌላ ምስል በሚተካ አረንጓዴ መጋረጃ ፊት አቁመው ቀረጿቸው። የፊቱን ለብቻ፣ የኋላውን ለብቻ አነሡና ልክ እንደ ፕላስቲኩና ወረቀቱ በኮምፒውተር ደራረቡት። ውጤቱ ቅርብና ሩቅ የሌለበት ዓለም ነው። የእናትየዋ ቀሚስ፣ የወጥ ቤቱ ግድግዳ፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሰማይ ሁሉም እኩል ያበራሉ፤ ሁሉም እኩል ይጮኻሉ። ዓይን የለመደውን መሪ ሲያጣ «የቱን ልይ?» ይላል። አንዳንዱ ሰው ራስ ምታት ብሎ የሚጠራው ይህንን ይመስለኛል። እኔም መጀመሪያ ሳየው ግማሽ ሰዓት ያህል ተናድጃለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ግን ማሳደዱን ትቼ ማያ ገጹን እንደ ግድግዳ ሥዕል ከዳር እስከ ዳር ስመለከተው ነገሩ ተለወጠ።

ሌላም አለ። ዳይሬክተሮቹ ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ሲሻገሩ እንደ ወጉ ቆርጠው አይደለም። የአንድ ተናጋሪ ጭንቅላት ማያ ገጹን ሞልቶ ከጫፍ ወደ ጫፍ ይንሸራተታል፤ ባለፈበት ሁሉ ከኋላው ያለው ቦታ፣ አንዳንዴም ዘመኑ፣ ይቀየራል። ገጽ የሚገልጥ እጅ ነው የሚመስለው።

በጣም የሚያስቀኝ ደግሞ የፍጥነቱ መስመሮች ጉዳይ ነው። በ1960ዎቹ የቴሌቪዥን አኒሜ የሚሠራው በትንሽ ገንዘብና በጥድፊያ ነበር። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ብዙ ሥዕል መሣል ስለማይቻል የጀግናው ፊት ባለበት ይቆማል፤ ከኋላው ባለ ቀለም መስመሮች እንዲሮጡ ይደረጋል፤ ተመልካቹም «እንዴት ይበራል!» ይላል። ችግር የወለደው ብልኃት ነው። በ2008ቱ ፊልም ውስጥ ስፒድን የሚጫወተው የኸርሽ ፊት ፊት ለፊታችን ደርቆ ይቆምና ከኋላው ያው መስመሮች ይሮጣሉ፤ አሁን ግን ይህን ለማድረግ የኮምፒውተር ጠበብት ሠራዊት አስፈልጓል። ድሃው በእጦት የሠራውን ሀብታሙ በ120 ሚሊዮን ዶላር ቀዳው። ሞኝነት ነው የሚል ይኖራል። ለእኔ ግን የታላቅ አክብሮት ምልክት ነው፤ የቀድሞዎቹ ሠዓሊዎች ጉድለት የመሰለው ነገር ራሱ የሥራው ውበት እንደነበር የገባው ሰው ብቻ ነው ይህን የሚያደርገው።

ታዲያ ለምን ወደቀ? አንዱ ምክንያት ጊዜው ነው። አሜሪካ ውስጥ የወጣው ግንቦት 9 ቀን ነበር። «አይረን ማን» አንድ ሳምንት ቀድሞት ሲኒማ ቤቶቹን ይዟል፤ በሐምሌ ደግሞ «ዘ ዳርክ ናይት» መጣ። ሁለቱም ከኮሚክ መጽሐፍ የተወለዱ ናቸው፤ ሁለቱም ግን የደረሱበትን አገር ልማድ የተቀበሉ ስደተኞች ናቸው፤ ብረቱ ብረት ይመስላል፣ ቁስሉ ያማል፣ ከተማው ቆሻሻ አለው። ተመልካቹ «ይህ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር» የሚለውን ጣዕም በቀመሰበት ዓመት መሬት ሳይነካ የሚሽከረከር ሮዝና ቢጫ መኪና ማን ይገዛል? በመጀመሪያው የሳምንት መጨረሻ ያገኘው 18.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ሌላው ምክንያት ግን የራሱ ጥፋት ነው፤ ወዳጅ ነኝ ብዬ አልሸፋፍነውም። ፊልሙ 135 ደቂቃ ይፈጃል። ትንሹ ወንድምና የቤተሰቡ ቺምፓንዚ የሚሠሩት ቀልድ አምስት ዓመት ላልሞላው ነው። ከዚያ ደግሞ ክፉው ባለሀብት፣ ሮጀር አላም እየተዝናና የሚጫወተው ሮያልተን፣ ውድድሩ ሁሉ አስቀድሞ የተሸጠ መሆኑንና ሁሉም ነገር ለአክሲዮን ዋጋ ሲባል የሚደረግ መሆኑን ለጀግናው ረጅም ንግግር ያደርግለታል። ሕፃኑ በአክሲዮኑ ይሰለቻል፤ አዋቂው በቺምፓንዚው ያፍራል። ማን ወንበሩ ላይ ይቀራል? (ትልቅ ኩባንያ የቤተሰብ ጋራዥን ሲውጥ የሚያወግዘውን ፊልም የከፈለበት ትልቅ ኩባንያ መሆኑን ሳስብ ግን ያንን ንግግር እንደገና ማየት ደስ ይለኛል።)

የራሱን ልማድ ይዞ የመጣ ስደተኛ «ስፒድ ሬሰር» ብቻ አይደለም። በ1929 በጋዜጣ ገጽ የተወለደውን መርከበኛ ፖፓይን በ1980 ሮበርት አልትማን ወደ ሰው ሲለውጠው ሮቢን ዊሊያምስ ክንዱ ላይ ያበጠ ሰው ሠራሽ ጡንቻ አስሮ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተጫወተ። ማልታ ደሴት ላይ፣ ባሕር ዳር፣ ቤቶቹ ሁሉ የተንጋደዱ አንድ ሙሉ የእንጨት መንደር ተሠራለት። ኮምፒውተር የለም፤ ጠማማውን ዓለም አናጢ ነው የሠራው። ያ ፊልም እንዲያውም ወጪውን መልሷል፤ ስሙ ግን ከውድቀት ጋር ተጣብቆ ቀረ። መንደሩ ዛሬም አለ፤ ጎብኚዎች ይጎርፉበታል። ፊልሙን ያልወደደ ሕዝብ ቤቶቹን ለማየት ትኬት ይቆርጣል።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። «ከመጥፎነቱ የተነሣ የሚያስቅ» ብለው ሰብሰብ ብለው የሚሳለቁባቸው ፊልሞች አሉ፤ ሠሪው ሳያውቅ የተበላሹ ናቸው፤ ደስታውም የሚገኘው ከውጭ ሆኖ ከመሳቅ ነው። የእኔ ነገር ይህ አይደለም። «ስፒድ ሬሰር» ሠሪዎቹ ያሰቡትን በትክክል አድርጓል፤ ሕዝቡ ያንን አልፈለገም፣ አለቀ። እንዲህ ያለውን ፊልም መውደድ የሚያሳፍር ድብቅ ሱስ አይደለም፤ ብዙ ሰው የማይበላውን ምግብ እንደመውደድ ያለ ነገር ነው። ፊልሙ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት እንደ እኔ የሚወዱት ሰዎች እየበዙ መጥተዋል፤ ሆኖም ቁጥራችን ቢበዛም ባይበዛም የፊልሙ ቀለም ያው ነው።

ላይቭ አክሽን ማየት ለሚጀምር ሰው የምሰጠው ምክር አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ፊልም ሥዕሉን ወደ እኛ ዓለም ያመጣዋል ወይስ እኛን ወደ ሥዕሉ ይወስደናል? የመጀመሪያው ከሆነ ብረቱ ይከብዳል ወይ፣ ፀጉሩ በንፋስ ይንቀሳቀሳል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ግን ይህ ጥያቄ ካርታ ይዞ ሕልም ውስጥ መንገድ እንደመፈለግ ነው። መኪና በአየር ላይ እየተገለበጠ ሌላውን መኪና ቢማታ የስበት ሕግ ተጣሰ ብሎ መክሰስ አያዋጣም።

«ስፒድ ሬሰር»ን ለመሞከር የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ብቻ ይይ። ስፒድ እየተወዳደረ ነው፤ ሞቷል የሚባለው ታላቅ ወንድሙ ሬክስ በዚያው ሜዳ ላይ ያስመዘገበው ሰዓት እስካሁን አልተሰበረም። ያለፈውና የአሁኑ ጊዜ እየተጠላለፉ ይሄዳሉ፤ የሬክስ መኪና እንደ ጥላ ሆና ከፊቱ ትሮጣለች። ስፒድ ይደርስባታል። ሊያልፋት ይችላል፤ ሕዝቡ ቆሞ ይጮኻል። ከዚያ እግሩን ከነዳጁ ላይ በጥቂቱ ያነሣል፤ ውድድሩን ያሸንፋል፣ የወንድሙ ሰዓት ግን ሳይነካ ይቀራል። በዚህ ሁሉ ቀለምና ጩኸት መካከል ተዋናዩ የሚሠራው ይህችን ትንሽ ነገር ነው። ይህን አይቶ ምንም ካልተሰማው ቴሌቪዥኑን መዝጋት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙ ይብሳል እንጂ አይቀንስም።