«የመቋቋም አቅም» ማለት ችሎ መኖር አይደለም
በማኅበረሰብ ደን (ነዋሪው በጋራ በሚጠብቀውና በሚጠቀምበት ደን) ላይ ስለሚተዳደሩ ገበሬዎች በሚጻፉ ሰነዶች «የመቋቋም አቅም» የሚለው ሐረግ ደጋግሞ ይመጣል። ብዙ ሰው ጥርስን ነክሶ ችግርን መቻል አድርጎ ይረዳዋል። ይህ አረዳድ ያሳዝነኛል፤ ሸክሙን ሁሉ በገበሬው ትከሻ ላይ ይጥላልና።

ትርጉሙ ሌላ ነው፦ ድርቅ ወይም ተባይ ሰብሉን ሲመታ ቤተሰቡ ከብቱን ሳይሸጥ፣ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ሳይበላ ክፉውን ጊዜ አልፎ መልሶ መቆም መቻሉ ነው። ማሳው ባዶ በቀረበት ዓመት ከማኅበረሰቡ ደን የሚቆረጠው ማር፣ የሚታጨደው ሣርና የሚለቀመው የዱር ፍሬ ክፍተቱን ይደፍናሉ።

ደኑ እንዲህ መጠባበቂያ የሚሆነው ግን የመጠቀም መብቱ ሲጸና ነው። ነገ እነጠቃለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው ዛፉን ዛሬውኑ ይቆርጠዋል። አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን የተጋሩት ተጠቃሚዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብ የጋራ ሀብትን ጠብቀው ማቆየት እንደሚችሉ በማሳየታቸው ነው። ደንቡም ዝርዝር ነው፦ ማን፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ሸክም ሣር ያወጣል? የጣሰውስ ምን ይቀጣል? አንድ ፕሮጀክት ችግኝ አድሎ ይህን መብት በጽሑፍ ሳያስከብር ቢሄድ፣ አቅም ገንብቷል ብዬ አልቀበልም።