ኬዙ ሳያልቅ ሥራ ሲገኝ፦ ስለ አይ-9 የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ሥራ ተገኘ ሲባል ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል። የኢሚግሬሽን ኬዙ (ጉዳዩ) ገና ላላለቀ ሰው ግን ደስታው ብዙ አይቆይም። በማግስቱ ከኤች አር (ከሠራተኛ አስተዳደር ክፍል) ኢሜይል ይመጣል፦ «አይ-9 ስለምንሞላ ሰነድ ይዘህ ና።» ከዚያ ስልኩ ይጦፋል። የአጎት ልጅ አንድ ነገር ይላል፤ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ሌላ። አብሮ የሚኖረው ልጅ ደግሞ «እኔ እንዲህ ብዬ ነው የገባሁት» ይላል።

እኔም በዚሁ አልፌያለሁ። ይህ የስልክ ምክር ሰውን በሁለት በኩል ሲጎዳ አይቻለሁ። አንዱ የሌለው ፈቃድ ያለው ይመስለውና ችግር ውስጥ ይገባል። ሌላው ደግሞ መብቱ በእጁ እያለ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

ነገሩን ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። አይ-9 በ1986 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የመጣ፣ ተቀጣሪው አሜሪካ ውስጥ የመሥራት መብት እንዳለው የሚጣራበት ፎርም ነው። ማንኛውም አሠሪ ለሚቀጥረው ሰው ሁሉ ይሞላዋል፤ ተቀጣሪው አሜሪካዊ ቢሆንም አይቀርም። የመጀመሪያውን ክፍል ሠራተኛው ቢዘገይ ሥራ በጀመረበት ቀን ይጨርሳል። ሁለተኛውን አሠሪው ሰነዶቹን አይቶ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ይሞላል። ሰነዶቹ በሦስት ዝርዝር ተከፍለዋል። ከዝርዝር ኤ አንድ ብቻ ይበቃል፤ ግሪን ካርድ (የቋሚ ነዋሪነት ካርድ) ወይም ወርክ ፐርሚት (የሥራ ፈቃድ ካርድ) እዚህ ውስጥ ናቸው። ከኤ ከሌለ ደግሞ ከቢ አንድ ማንነትን የሚያሳይ፣ ለምሳሌ መንጃ ፈቃድ፣ ከሲ አንድ የመሥራት መብትን የሚያሳይ፣ ለምሳሌ ገደብ ያልተጻፈበት ሶሻል ካርድ (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ካርድ)፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማቅረብ ነው።

«አሳይለም (ጥገኝነት) አመልክቼ ሪሲቱ መጥቶልኛል፤ መሥራት እችላለሁ»

አትችሉም። ሪሲቱ፣ ማለትም ደረሰኙ፣ የሚናገረው ማመልከቻው መድረሱን ብቻ ነው። ለዓመታት በሠራው ደንብ አሳይለም ጠያቂ ወርክ ፐርሚት የሚያመለክተው ኬዙ ከገባ 150 ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ካርዱም ከ180 ቀን በፊት አይሰጥም። በመሀል እናንተው ቀጠሮ ይራዘምልኝ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ቆጠራው ሊቆም ይችላል። ከማመልከታችሁ በፊት የዩኤስሲአይኤስን (ማመልከቻውን የሚያየውን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) ገጽ ክፈቱና ቀኑን አረጋግጡ።

በሌላ በኩል ሪሲት ሁሉ ከንቱ ነው ማለትም አይደለም። ያላችሁ ካርድ ጠፍቶ፣ ተሰርቆ ወይም ተበላሽቶ ምትክ ካመለከታችሁ የዚያ ሪሲት ለ90 ቀን ያሠራል። 90ው ቀን ሳያልቅ ካርዱን ማሳየት ግዴታ ነው።

«ሪንው ካደረግኩ ካርዱ ቢያልቅም 540 ቀን አለኝ»

ብዙ ሰው የተያዘው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ወሬው እውነት ነበር። በ2017 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ወርክ ፐርሚታቸውን ሪንው ላደረጉ (ለማደስ ላመለከቱ) የተወሰኑ ምድቦች 180 ቀን ያራዝም ነበር። በ2022 ወደ 540 ከፍ አለ። በጃንዋሪ 2025 ይኸው 540 ቀን ቋሚ ደንብ ሆነ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 30 ደግሞ መንግሥት አነሳው።

አሁን ወሳኙ ማመልከቻው የገባበት ቀን ነው። ሁለት ጓደኛማቾች አንድ አፓርታማ ይኖራሉ እንበል። የሁለቱም ወርክ ፐርሚት የሚያልቀው በአንድ ወር ነው። አንዱ ኦክቶበር 28, 2025 ላይ አስገባ። ሌላው ደሞዝ ጠብቆ ኖቬምበር 3 ላይ። ለመጀመሪያው አሮጌው ካርድና ሪሲቱ አንድ ላይ እስከ 540 ቀን ይሠሩለታል። ሁለተኛው ግን ካርዱ ያለቀ ዕለት አዲሱ ካልደረሰለት ሥራ ማቆም አለበት። በአንድ ሳምንት ልዩነት! ይህን ለሚደውልላችሁ ሰው ሁሉ ንገሩ። ቲፒኤስ (ለአንዳንድ አገሮች ዜጎች የሚሰጥ ጊዜያዊ ከለላ) ያላቸው ሰዎች ማራዘሚያቸው መንግሥት ለዚያው በሚያወጣው ማስታወቂያ ነው የሚመራው። ስለዚህ በጎረቤት ሪሲት አይመዘንም።

በዲሴምበር 2025 ደግሞ አሳይለም ለሚጠብቁም ሆነ ላገኙ፣ ለስደተኞችና ግሪን ካርድ ላመለከቱ ሰዎች የካርዱ ዕድሜ ቢበዛ 18 ወር እንዲሆን ተደረገ። ቀድሞ እስከ 5 ዓመት ይሰጥ ነበር። ለማደስ ካርዱ ከማለቁ 180 ቀን በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። ያንን ቀን ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ደሞዝ እስኪወጣ ብላችሁ አትጠብቁ።

«ሶሻል ካርድ አለኝ፤ ከመንጃ ፈቃዴ ጋር ይበቃኛል»

ካርዱን አውጡና ፊቱን አንብቡ። የብዙ አሳይለም ጠያቂ ካርድ ላይ «ለሥራ የሚያገለግለው ከዲኤችኤስ (ከአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር) ፈቃድ ጋር ብቻ ነው» የሚል መስመር በእንግሊዝኛ አለ። ያ መስመር ካለ ካርዱ ለዝርዝር ሲ አይሆንም። ወርክ ፐርሚቱን ራሱን ነው የምታሳዩት።

የዚህ ተቃራኒ ስህተትም አለ። ወርክ ፐርሚት ደርሶት፣ ሶሻል ቁጥሩ ገና ስላልመጣ ብቻ ሥራ የሚያሳልፍ ሰው አለ። ቁጥሩን አመልክታችሁ እየጠበቃችሁ ሥራ መጀመር ትችላላችሁ።

«ኤች አር የጠየቀኝን ሰነድ ማምጣት ግዴታዬ ነው»

ይህ የኔ ታሪክ ነው። አሳይለሜ ጸድቆ ነበር። ግሪን ካርድ ገና አላመለከትኩም። ወርክ ፐርሚቴ አልቋል። ግን መንጃ ፈቃድ ነበረኝ። አሳይለም ያገኘ ሰው ገደብ የሌለበት ሶሻል ካርድ ስለሚያገኝ እሱንም ሄጄ አውጥቻለሁ። ሁለቱን ከፕላስቲክ ፎልደሬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሴትየዋ አየቻቸውና በሁለት ጣቷ ወደ እኔ መልሳ ገፋቻቸው። «ግሪን ካርድ» አለችኝ። የለኝም አልኳት። «እንግዲያው ስታገኝ ና።»

ፎልደሬን ዘግቼ ወጣሁ። አልተከራከርኩም። ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ ቆየሁ፤ የቤት ኪራይ በብድር ከፈልኩ።

እውነታው ይህ ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛውን ሰነድ እንደሚያቀርብ የሚመርጠው ሠራተኛው ነው። አሳይለም የተፈቀደለት ሰው የመሥራት መብቱ ከአሳይለሙ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ወርክ ፐርሚት ባይኖረውም መብቱ አለ። 4 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ በዜግነት ወይም በኢሚግሬሽን ሁኔታችሁ፣ ወይም በመጣችሁበት አገር ምክንያት የተለየ ወይም ተጨማሪ ሰነድ እንዲጠይቅ ሕጉ አይፈቅድለትም።

ዛሬ ቢሆን ምን አደርግ ነበር? የሰነዶቹ ዝርዝር ከአይ-9 ፎርም ጋር አብሮ አለ። ያንን ገጽ አትሜ ይዤ እሄድ ነበር። ዝርዝር ቢና ሲ ላይ ጣቴን አድርጌ በትሕትና አሳያት ነበር። እምቢ ካለች ደግሞ በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የተቋቋመ ክፍል አለ። የሠራተኞች ነፃ መስመሩ 1-800-255-7688 ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። መደበኛ አቤቱታ ማስገባት የሚቻለው ነገሩ በተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ ስለሆነ ቶሎ ደውሉ።

«ፎርሙ ላይ የትኛውም ሳጥን ቢመረጥ ለውጥ የለውም»

እባካችሁ ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የአይ-9 የመጀመሪያ ክፍል አራት ሳጥኖች አሉት። የመጀመሪያው የአሜሪካ ዜጋ ነኝ ይላል። ሦስተኛው ቋሚ ነዋሪ ነኝ፣ ማለትም ግሪን ካርድ አለኝ ይላል። አራተኛው ለመሥራት የተፈቀደለት የውጭ ዜጋ ነኝ ይላል። ኬዙ ገና ውሳኔ እየጠበቀ ወርክ ፐርሚት ያለው ሰው የሚመርጠው አራተኛውን ነው። የፈቃዱን ማብቂያ ቀንም ይጽፋል። አሳይለም የተፈቀደለት ሰውም አራተኛው ነው። ግን መብቱ ማብቂያ ቀን ስለሌለው በቀኑ ቦታ «አይመለከተኝም» የሚለውን ምልክት ያደርጋል።

«ዜጋ ነኝ በል፤ ብዙ ወረቀት አይጠይቁህም» የሚል ምክር ሰምቻለሁ። ከሴፕቴምበር 30, 1996 ጀምሮ ለሥራ ብሎ ዜጋ ሳይሆን ዜጋ ነኝ ያለ ሰው የዕድሜ ልክ የኢሚግሬሽን እገዳ ይጠብቀዋል። ነፃ የሚያወጣው መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። በኋላ አሜሪካዊ ማግባትም አያነሳውም። ለአንድ የፓርኪንግ ወይም የመጋዘን ሥራ ተብሎ የልጆች እናት ግሪን ካርድ ስትከለከል ማየት ያማል።

ፎርሙን ዘመድ ወይም የሥራው አለቃ ቢሞላላችሁም ፊርማው የእናንተ ነው። ሳትረዱት አትፈርሙ። ተሳስታችሁ ከፈረማችሁ ደግሞ ማንንም ከማነጋገራችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

«ግሪን ካርዴ ስላለቀ ሥራዬን ላጣ ነው»

ካርዱ እንጂ ነዋሪነታችሁ አላለቀም። ስትቀጠሩ ግሪን ካርድ ካሳያችሁ፣ ካርዱ በኋላ ሲያልቅ አሠሪው እንደገና አምጡ ሊላችሁ አይገባም።

«ኢ-ቬሪፋይ አልተቀበለኝም፤ በቃ ተባረርኩ»

አልተባረራችሁም። አንዳንድ አሠሪዎች አይ-9 ከተሞላ በኋላ መረጃውን ኢ-ቬሪፋይ በሚባለው የመንግሥት የኢንተርኔት ሲስተም ያጣራሉ። ሲስተሙ «አልገጠመም» ካለ አሠሪው ማስታወቂያውን ሊሰጣችሁ ይገባል። እቃወማለሁ ካላችሁ የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮን ወይም ዲኤችኤስን ለማነጋገር 8 የፌደራል የሥራ ቀናት አላችሁ። ጉዳዩ እስኪለይ በዚህ ምክንያት ማባረርም ሆነ ከሥራ ማገድ ክልክል ነው።

በእኛ ሰው ላይ ይህ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። አንዱ ቢሮ አያትን የመጨረሻ ስም ያደርጋል፤ ሌላው አባትን። የአንዳንዱ ቪዛ ላይ ደግሞ የመጀመሪያ ስም ቦታ «ኤፍኤንዩ»፣ ማለትም የመጀመሪያ ስም አይታወቅም፣ ተብሎ ይገባል። የ«ጸ» እና የ«ቀ» የእንግሊዝኛ አጻጻፍም ከካርድ ካርድ ይለያያል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ምሽት ወርክ ፐርሚቱን፣ ሶሻሉንና መንጃ ፈቃዱን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና ፊደል በፊደል፣ የልደት ቀኑንም ጭምር አስተያዩ። ልዩነት ካለ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዳችሁ ቀድማችሁ አስተካክሉት።