ኮቦ፦ የሸካ ንብ አናቢዎች የጫካ ደንብ

ሸካ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ያለ ዞን ነው። ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ ዝናብ የማይለየው ነው። በማሻና በአንድራቻ ጫካ ውስጥ ቀና ብሎ ያየ ሰው ረጃጅም ዛፎች ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎችን ያያል። ለእንግዳ ሰው ማንም ደስ ባለው ቦታ የሰቀላቸው ይመስላሉ። ግን ዛፎቹ ባለቤት አላቸው። የማን እንደሆኑ የሚወስነው ነባር ደንብ ኮቦ ይባላል።

በኮቦ አንድ ቤተሰብ የራሱ የጫካ ድርሻ አለው። ወሰኑ ወንዝ ወይም ሸንተረር ሊሆን ይችላል። እዚያ ቀፎ የሚሰቅለው ባለ ድርሻው ነው፤ ሌላው ማስፈቀድ አለበት። መብቱ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ዛፉ ከተቆረጠ ማር ስለማይኖር፣ ባለ ኮቦው ጫካውን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል። ለእኔ የደንቡ ትልቁ ጥበብ ይሄ ነው።

ሥራው ከባድ ነው። ቀፎው ከግንድ ይፈለፈላል፤ ንብ እንዲስብ ይታጠናል። ከዚያ በገመድ ወይም በሐረግ ዛፍ ላይ ተወጥቶ ይሰቀላል፤ መንጋ እስኪገባም ይጠበቃል። ማሩ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በጨለማ፣ በጭስ ነው። እግር ከሳተ ሕይወት ያልፋል። ገተም የተባለው ዛፍ ሲያብብ የሚገኘው ማር ነጭ ነው፤ ቶሎም ይረጋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ ኮቦ ሕጋዊ መሠረቱን አጣ። በየመንደሩ ግን መከበሩ አልቀረም። ይበልጥ የጎዳው ኋላ ላይ ደኑ ለሻይና ለቡና እርሻ መሰጠቱ ነው። ባለሀብቱ ወረቀት ነበረው፤ ባለ ኮቦው አልነበረውም።

ዩኔስኮ በ2004 ዓ.ም. ሸካን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት፣ ማለትም ተፈጥሮ እየተጠበቀ ሰውም የሚኖርበትና የሚጠቀምበት ቦታ አድርጎ መዘገበ። የአካባቢው ሰው ከመንግሥት ጋር እየተፈራረመ ደኑን በጋራ የሚያስተዳድርበት አሠራርም መጣ። ማር አምራቾች በማኅበር ተደራጅተው አብረው መሸጥ ጀመሩ። ይህ ሌላም በር ከፍቷል። ኮቦ የወንዶች ርስት ነበር፤ ሴቶችና እንደ ማንጆ ያሉ የተገለሉ ወገኖች ድርሻቸው ጠባብ ነበር። ማኅበር ግን በአባልነት ሊቀበላቸው ይችላል። ሳጥን ቀፎም ከዛፍ መውጣትን ስለሚያስቀር ለሴቶች ይመቻል፤ በጓሮ ይቀመጣል፣ ምርቱም ከግንዱ ቀፎ ይበልጣል። ንቦቹ ግን አሁንም የሚቀስሙት ከጫካው አበባ ነው።