ከመጋጨት ለጥቂት ተረፉ? ስለሚያርፉ አውሮፕላኖች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሁለት አውሮፕላኖች ሊያርፉ ሲሉ ከመጋጨት ለጥቂት ተረፉ» የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ወሬው ያው ነው። ግማሹ ሰው «ሁለተኛ አውሮፕላን ላይ አልወጣም» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ኮምፒውተሩ አለ አይደል እንዴ፣ ምን ታካብዳላችሁ» ይላል። ሁለቱም ስተዋል። እስቲ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ተቀራርበው ከታዩ ለጥቂት ነው የተረፉት»

የግድ አይደለም። አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ በራዳር የሚመሩ አውሮፕላኖች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጎን 3 የባሕር ማይል (5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ) ወይም በከፍታ 1,000 ጫማ (300 ሜትር ገደማ) መራራቅ አለባቸው። ከሁለቱ አንዱ ከተሟላ በቂ ነው። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ በበረራ መከታተያ መተግበሪያ ሁለት የአውሮፕላን ምልክቶች ተደራርበው ብታዩ አትደንግጡ፤ አንዱ ከሌላው 300 ሜትር በላይ እየበረረ ሊሆን ይችላል።

ሳን ፍራንሲስኮን ውሰዱ። እዚያ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት መንደርደሪያዎች አሉ፤ መሐል ለመሐል ሲለኩ የሚራራቁት 230 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ሁለት አውሮፕላኖች እኩል ሲወርዱ የአንዱ ተሳፋሪዎች የሌላውን በመስኮት ቪዲዮ ሲቀርጹ ኖረዋል። ያ ታቅዶ የተደረገ ነው፣ ፓይለቶቹም ያውቁታል። የሚያስፈራው ማንም ያላሰበው ቅርበት ነው።

በአሜሪካ አሠራር አየር ላይ ከ500 ጫማ (150 ሜትር) በታች ከተቀራረቡ፣ ወይም የመጋጨት አደጋ ነበር ብሎ ያመለከተ ካለ፣ ለጥቂት እንደተረፉ ይመዘገባል። 3 ማይሉ 2.8 ሲሆን ግን ደንብ ተጥሷል፣ ይመረመራልም፤ «ለጥቂት ተረፉ» የሚያሰኝ ግን አይደለም፣ ምክንያቱም የሚገድል ነገር አልነበረም። ዜናው ሁለቱን አንድ ላይ ይወቅጣቸዋል።

«ቲካስ እያለ አይጋጩም»

ቲካስ (TCAS) የሚባለው፣ አውሮፕላን ውስጥ የሚገጠመው የግጭት መከላከያ መሣሪያ ጎበዝ ነው፣ አይካድም። በዙሪያው ያሉትን አውሮፕላኖች ራሱ እየጠየቀ ይከታተላል፤ ነገሩ ከከፋ ለአንደኛው «ውጣ»፣ ለሌላኛው «ውረድ» ብሎ ያዛል። ያዘዘውንም መስማት ግዴታ ነው፣ መሬት ላይ ያለው የበረራ ተቆጣጣሪ ሌላ ቢልም። ይህ በደም የተገዛ ደንብ ነው፦ በ2002 ጀርመን ውስጥ ዩበርሊንገን አጠገብ አንዱ ፓይለት ቲካስ «ውጣ» እያለው ተቆጣጣሪው «ውረድ» ስላለው ወረደ፣ ሌላኛውም በቲካስ ትእዛዝ እየወረደ ነበር፣ 71 ሰው ሞተ። (እነዚያ ሊያርፉ የነበሩ አይደሉም፣ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው።)

ብዙ ሰው የማያውቀው ይኼኛውን ነው። አውሮፕላኑ ከመሬት 1,000 ጫማ ገደማ ሲቀረው ቲካስ ትእዛዝ መስጠቱን ያቆማል። እዚያ ከፍታ ላይ «ውረድ» ማለት መሬት ጋር መላተም ስለሚሆን ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል። ታዲያ መሣሪያው ዝም የሚለው ልክ የማረፉ የመጨረሻ ደቂቃ ላይ ነው። ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ዋሽንግተን ላይ ሊያርፍ የነበረው ጄት ከወታደራዊ ሄሊኮፕተር ጋር የተጋጨው 300 ጫማ ገደማ ላይ ነበር። ከመጋጨታቸው 20 ሰከንድ ያህል በፊት ጄቱ ውስጥ «ትራፊክ፣ ትራፊክ» የሚል ድምፅ ተሰማ። በቃ፣ ያ ብቻ። ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚነግር ትእዛዝ አልመጣም።

«አየሩ ጥርት ካለ ፓይለቱ ያየዋል»

እኔ ከሁሉም በላይ አደገኛ የምለው ይህን ነው። በ1978 ሳን ዲዬጎ ላይ፣ ጥርት ባለ ጠዋት፣ ሊያርፍ ይወርድ የነበረ ቦይንግ 727 ፓይለቶች ከፊታቸው ሴስና የምትባል ትንሽ አውሮፕላን እንዳለች ተነግሯቸው፣ አይተናታል ብለው፣ ከዚያ ጠፋችባቸው። መሬት ላይ የነበሩትን ጨምሮ 144 ሰው አለቀ። ዋሽንግተንም ላይ የሄሊኮፕተሩ ሠራተኞች ጄቱን እንዳዩትና በዓይናቸው እየተከታተሉ እንደሚያልፉ ተናግረው ነበር፣ ያውም ሁለት ጊዜ። 67 ሰው ሞተ።

ምክንያቱ ዓይናችን ራሱ ነው። ዓይን የሚንቀሳቀስ ነገር ቶሎ ይይዛል። ሊጋጫችሁ የሚመጣ አውሮፕላን ግን በመስኮቱ ላይ ወዲያ ወዲህ አይልም፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ መስታወት ላይ ያረፈች ዝንብ መስሎ ይቆይና መጨረሻ ላይ ድንገት ይገዝፋል። የሚንቀሳቀሰው እኮ የማይነካችሁ ነው! ማታ ሲሆን የከተማ መብራት ይጨመርበታል፤ ከብዙ መብራት መሃል «አየሁት» ያላችሁት የትኛውን እንደሆነ እናንተም እርግጠኛ ላትሆኑ ትችላላችሁ።

«ሊያርፍ ሲል ተመልሶ ከተነሳ ልንሞት ነበር ማለት ነው»

ኧረ በፍጹም። ከ1,000 በረራ ከ1 እስከ 3 ያህሉ እንዲህ ያደርጋሉ። ነፋሱ ይቀየራል፣ ከፊት ያረፈው ቶሎ ከመንደርደሪያው አይወጣም፣ አቀራረቡ ፓይለቱን አያጠግበውም። አንዳንዴ ግን በእርግጥ ሕይወት ያተርፋል፦ ፌብሩዋሪ 2023 አሜሪካ ኦስቲን ላይ በከባድ ጭጋግ የፌዴክስ ቦይንግ 767 የጭነት አውሮፕላን እያረፈ ሳለ በዚያው መንደርደሪያ ላይ የሳውዝዌስት ቦይንግ 737 የመንገደኛ አውሮፕላን እንዲነሳ ተፈቀደለት። የፌዴክስ ፓይለቶች ልብ ብለው ተመልሰው ባይነሱ ኖሮ አልቆላቸው ነበር፤ የተራራቁት ከ200 ጫማ በታች ነው። ማረፊያው መሬት ላይ ያሉትን የሚያሳይ ራዳር አልነበረውም።

«ካልተነካኩ ምንም አይደለም»

ትልቅ አውሮፕላን ከኋላው የሚተወው የአየር ሽክርክሪት ትንሹን ሊገለብጠው ይችላል። ለዚህ ነው ከግዙፎቹ ኋላ የሚመጣ ከ3 ማይል በላይ እንዲርቅ የሚደረገው።

«ጥፋቱ መቼም የተቆጣጣሪው ነው»

አንዳንዴ ነው። በ1996 ዴልሂ አቅራቢያ 349 ሰው ያለቀበትን ብታዩ ግን ተቆጣጣሪው ለማረፍ ለሚመጣው የካዛክስታን አውሮፕላን ከፊት ለፊቱ የሳዑዲ ቦይንግ 747 እንደሚመጣ ነግሮታል፤ አውሮፕላኑ ግን ከተፈቀደለት 15,000 ጫማ በታች ወረደ። በዚያ ላይ የሚነሱትም የሚያርፉትም በአንድ መስመር ነበር የሚተላለፉት፣ ራዳሩም ከፍታ አያሳይም ነበር።

በ2017 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ደግሞ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል አንደኛው መንደርደሪያ ተዘግቶ መብራቱ ጠፍቷል። የኤር ካናዳ ፓይለቶች የበራውን መንደርደሪያ የተዘጋው መስሏቸው፣ ከጎኑ ያለውንና 4 አውሮፕላኖች ተራ የሚጠብቁበትን መንገድ መንደርደሪያ ነው ብለው ወረዱበት። መብራት አይተው ጠይቀዋል እኮ! ተቆጣጣሪው መንደርደሪያውን አይቶ «ካንተ በቀር ማንም የለም» አላቸው። እውነቱን ነው፣ መንደርደሪያው ላይ ማንም አልነበረም። ከመሬት 18 ሜትር ገደማ ሲቀራቸው ተነሱ።

«ሪፖርቱ በዛ ማለት ሰማዩ ከፋ ማለት ነው»

ሪፖርት የሚበዛው ሰው ሳይፈራ ሲናገር ነው፣ ያ ጥሩ ነው። የሚያስፈራው ተመዝግቦ ማንም ሳያየው ሲቀር ነው። ከዋሽንግተኑ አደጋ በኋላ የአሜሪካ መርማሪዎች መዝገቡን ሲከፍቱ ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 በዚያው ማረፊያ አካባቢ ሄሊኮፕተሮችና የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወደ ጎን ከ1 የባሕር ማይል፣ በከፍታ ከ400 ጫማ በታች የተቀራረቡት 15,214 ጊዜ ሆኖ አገኙት። ከእነዚህ 85ቱ ላይ ርቀቱ ወደ ጎን ከ1,500 ጫማ፣ በከፍታ ከ200 ጫማ በታች ነበር። ሄሊኮፕተሩ ይበርበት የነበረው መስመር የተዘጋው ከአደጋው በኋላ ነው።