«ስቴቱ የፕራይቬት ስኩል ይከፍላል አሉ»፦ ስለ ትምህርት ቤት ስኮላርሺፕ የሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያሳድጉ ሐበሾች በተገናኙበት ሁሉ ይህ ወሬ አይጠፋም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ልደት ላይ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይነሳል። ወሬው መሠረት አለው። በ1990 ሚልዋኪ ከተማ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የተጀመረው ቫውቸር (ስቴቱ ለፕራይቬት ስኩል ክፍያ የሚሰጠው ገንዘብ) ዛሬ ብዙ ስቴቶች ውስጥ ገብቷል። አሪዞና በ2022፣ ፍሎሪዳና ኦሃዮ በ2023 ገቢ ሳይለዩ በሩን ለሁሉም ከፈቱ። ጆርጂያ በ2024፣ ቴነሲና ቴክሳስ በ2025 የራሳቸውን ሕግ አወጡ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ግማሹ ይቀራል፣ ሌላም ይጨመርበታል። ወላጅ የሰማውን ይዞ ልጁን ከፐብሊክ ስኩል ያስወጣል። በኋላ ነገሩ እንደተወራው ሳይሆን ሲቀር የሚጎዳው ልጁ ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ስቴቱ ሙሉውን ይከፍላል»

አይከፍልም። የሚከፍለው የተወሰነ ብር ነው። ጆርጂያ በዓመት 6,500 ዶላር ይሰጣል። ኦሃዮ ኤድቾይስ በሚባለው ስኮላርሺፕ በ2024–25 የትምህርት ዘመን ቢበዛ እስከ 8ኛ ክፍል 6,166፣ ለሃይስኩል ደግሞ 8,408 ዶላር ይሰጥ ነበር። ገቢው ከፍ ያለ ቤተሰብ የሚያገኘው ከዚህ ያነሰ ነው። በትላልቅ ከተሞች ስማቸው የሚጠራው ፕራይቬት ስኩሎች ደግሞ በዓመት 30 ሺህ፣ 40 ሺህና ከዚያም በላይ ይጠይቃሉ። በዚህ ብር እነሱ ጋ አይደረስም። ገንዘቡ ወደ ሙሉ ክፍያ የሚጠጋው የካቶሊክ ደብር ትምህርት ቤቶችና ትናንሽ የክርስቲያን ወይም የሙስሊም ትምህርት ቤቶች ዘንድ ነው።

እስቲ በወረቀት እናስላው። አትላንታ አካባቢ፣ ዲካልብ ካውንቲ፣ ቱይሽኑ 9,800 ዶላር የሆነ ትምህርት ቤት አለ እንበል። 6,500ው ሲቀነስ 3,300 ይቀራል። መመዝገቢያ 300፣ ዩኒፎርም 250 ጨምሩበት። ስኩል ባስ የለም። አባት ኡበር ይነዳል፣ እናት ሆስፒታል በሺፍት ትሠራለች፤ ስለዚህ ልጁ አፍተር ኬር መቆየቱ አይቀርም። በወር 280 ብንለው በ10 ወር 2,800 ይሆናል። ጠቅላላው 6,650 ዶላር ነው። ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ከ550 ዶላር በላይ ከኪስ ይወጣል ማለት ነው። ሁለት ልጅ ካላችሁ እጥፍ አድርጉት። ይህ ሁሉ «ነፃ» የተባለው ነገር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ኦሃዮ ውስጥ የቤተሰቡ ገቢ ከፌደራሉ የድህነት መስመር 200 ፐርሰንት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ከስኮላርሺፑ የተረፈውን ቱይሽን ከወላጅ መጠየቅ አይችልም። ሕጉ ይከለክላል። ዊስኮንሲን ውስጥም እስከ 8ኛ ክፍል በቫውቸር የሚማሩ ልጆች ላይ ተጨማሪ ቱይሽን አይጠየቅም። የኦሃዮዋ ኮሎምበስ የምትኖሩ ወገኖች፣ ቢል ከመጣላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንሱ።

ገንዘቡም በእጅ አይገባም። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ለምሳሌ ክፍያው በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይላካል፤ ከዚያ በፊት ግን ወላጁ ድረገጹ ላይ ገብቶ ማጽደቅ አለበት። ኢሜይል የማይከፍት ወላጅ በዚህ ይሸወዳል። ልጁ ክፍል ገብቶ እየተማረ ክፍያው ግን ተንጠልጥሎ ይቀራል።

«እዚያ ስቴት የሠራ እዚህም ይሠራል»

ዳላስ ያለ የአጎት ልጅ ደውሎ የነገራችሁ ነገር ለዳላስ ነው። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ፣ የራሱ ዴድላይን፣ የራሱ መስፈርት አለው።

ጆርጂያን እንመልከት፤ ሐበሻ በብዛት ያለበት ስቴት ነውና። የጆርጂያ ፕሮሚስ ስኮላርሺፕ ለሁሉም ልጅ የሚሰጥ አይደለም። መጀመሪያ፣ የመኖሪያ አድራሻችሁ በስቴቱ ዝርዝር በውጤት መጨረሻ ከሆኑት 25 ፐርሰንት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ክልል ውስጥ መውደቅ አለበት። ቀጥሎ፣ ወላጅ በአጠቃላይ ቢያንስ አንድ ዓመት ጆርጂያ የኖረ መሆን አለበት። ልጁ ደግሞ ሁለት ተከታታይ ሴሚስተር ጆርጂያ ውስጥ ፐብሊክ ስኩል የተማረ፣ ወይም ገና ኪንደርጋርተን የሚገባ መሆን አለበት። ይህ የመጨረሻው ነው ወጥመዱ። ልጁን ቀድሞ ፕራይቬት አስገብቶ «ስኮላርሺፑን በኋላ አመለክታለሁ» ያለ ወላጅ በገዛ እጁ መስፈርቱን አፍርሷል። ፍሎሪዳ ውስጥ ግን ልጁ ከዚህ በፊት ፕራይቬት ቢማርም ማመልከት ይቻላል። አጎራባች ስቴቶች ሆነው ሕጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ዋሽንግተን ዲሲም ብዙ ጊዜ ግራ ያጋባል። የዲሲው ኦፖርቹኒቲ ስኮላርሺፕ በ2004 የተጀመረ፣ ገንዘቡን ኮንግረስ የሚሰጠው ፕሮግራም ነው። የሚያገለግለው ግን ዲሲ ውስጥ የሚኖሩ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች ብቻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ እየኖሩ ዲሲ መሥራት አይበቃም። ሜሪላንድ ቡስት የሚባል የራሷ አላት፤ እሱም ለዝቅተኛ ገቢ ሲሆን ገንዘቡ በየዓመቱ በጀት ላይ ይወሰናል። ቨርጂኒያ ውስጥ ስቴቱ ቫውቸር አይሰጥም፤ ለጋሾች ታክስ የሚቀነስላቸው፣ በፋውንዴሽኖች በኩል የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ነው ያለው። ቴክሳስ የምትጀምረው በ2026–27 ነው። የተመደበው 1 ቢሊዮን ዶላር ነው። አመልካቹ ከገንዘቡ ከበለጠ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆችና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ይቀድማሉ።

«ስኮላርሺፑን ካገኘሁ ትምህርት ቤቱ ልጄን መቀበል ግዴታው ነው»

ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ስቴቱ ገንዘቡን ሊፈቅድ ይችላል። መቀመጫውን የሚሰጠው ግን ትምህርት ቤቱ ነው። ይፈትናል፣ የድሮ ሪፖርት ካርድ ያያል፣ ኢንተርቪው ያደርጋል፣ ቦታ የለኝም ይላል። አንዳንድ ቦታ ልዩ ሕግ አለ፤ ሚልዋኪ ውስጥ አመልካች ከቦታው ከበዛ ልጆች በዕጣ ነው የሚገቡት። በአብዛኛው ግን መራጩ ትምህርት ቤቱ ነው። ፐብሊክ ስኩል በአንጻሩ በሰፈሩ የሚኖርን ልጅ አይመልስም። የልጁን የኢሚግሬሽን ወረቀት ጉዳይ አንስቶ እንኳ መመለስ እንደማይችል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ወስኗል።

ስለዚህ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን አነጋግሩ። ስኮላርሺፑን እንደሚቀበልም ጠይቁ፤ የማይቀበሉ ብዙ አሉ።

«የመንግሥት ገንዘብ ለሃይማኖት ትምህርት ቤት አይሆንም»

ይሆናል። የክሊቭላንድን ቫውቸር ጉዳይ ያየው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002፣ ምርጫው የወላጅ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም ብሎ ወስኗል። ሊያሳስባችሁ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ልጃችሁ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ከገባ የሃይማኖት ክፍለ ጊዜና ቅዳሴ ይጠብቀዋል። ዊስኮንሲን ውስጥ ወላጅ በጽሑፍ ከጠየቀ የቫውቸር ተማሪ ከሃይማኖት ፕሮግራም ነፃ ይሆናል። ሌላ ቦታ ግን ይህን መብት በሕግ አገኛለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ። ስለዚህ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

«የልጄ መብት አብሮት ይሄዳል»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ልጃችሁ ኦቲዝም፣ የንግግር መዘግየት ወይም ሌላ የመማር ችግር ኖሮበት ፐብሊክ ስኩል ውስጥ አይኢፒ (ለልጁ የሚሰጠው ልዩ ድጋፍ የሚጻፍበት የግል ዕቅድ) ካለው፣ ያ ወረቀት ሕግ ነው። «በሳምንት ሁለቴ፣ 30 ደቂቃ ስፒች ቴራፒ» ተብሎ ከተጻፈ ትምህርት ቤቱ መስጠት አለበት። ካልሰጠ ትከሳላችሁ። ይህን የሚያዘው አይዲኢኤ የሚባለው የፌደራል ሕግ ነው። ልጁን በራሳችሁ ምርጫ ፕራይቬት ስታስገቡት ግን ያ የግል መብቱ ይቀራል። ዲስትሪክቱ ለፕራይቬት ተማሪዎች ከሚመድበው ውስን ገንዘብ ጥቂት አገልግሎት ሊያገኝ ይችላል። አይኢፒው ላይ ያለውን በሙሉ የመጠየቅ መብት ግን አይኖረውም።

ወላጆች ይህን የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ከፈረሙ በኋላ ነው። በተለይ እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ የልጅ ችግር በግልጽ አይወራምና ጠይቆ የሚነግር ሰው አይገኝም። አይኢፒ ያለው ልጅ ካላችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ፕራይቬቱ ትምህርት ቤት ሂዱ። አገልግሎቶቹ የተዘረዘሩበትን ገጽ ክፈቱ። እያንዳንዱን መስመር በጣት እያሳያችሁ ጠይቁ፦ ይህን ማን ይሰጣል? የት? ማን ይከፍላል? መልሱን በኢሜይል እንዲጽፉላችሁ አድርጉ። «አይዟችሁ፣ እንንከባከበዋለን» መልስ አይደለም።

አንዳንድ ስቴቶች ለእነዚህ ልጆች ከፍ ያለ የተለየ ስኮላርሺፕ አላቸው። ኦሃዮ የኦቲዝም ስኮላርሺፕ ለብቻ አላት። ቴክሳስ አካል ጉዳት ላለበት ልጅ እስከ 30,000 ዶላር ፈቅዳለች። ለጠቅላላው ስኮላርሺፕ ከመፈረማችሁ በፊት ልጃችሁ ለዚህኛው ብቁ መሆኑን አጣሩ።

ከአገር ቤት በቅርቡ ለመጣ ልጅም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እንግሊዝኛ ገና ለሚማር ልጅ ፐብሊክ ስኩል የቋንቋ ድጋፍ መስጠት ግዴታው ነው። በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ነው። ትናንሽ ፕራይቬት ስኩሎች ውስጥ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ክፍልም፣ ለወላጅ ስብሰባ የአማርኛ አስተርጓሚም አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። የ12 ዓመት ልጅ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር በመጣ በወሩ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ማስገባት፣ በእኔ እምነት ልጁን ማስጨነቅ ነው።

«ፕራይቬት ከሆነ ይሻላል»

ይህን እምነት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ይመስለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ መክፈል የቻለ ወላጅ ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ያወጣል፤ ምክንያቱም አለው። እዚህ ግን ጥናቶቹ ያን ያህል አይደግፉንም። ሉዊዚያና ውስጥ በዕጣ ቫውቸር ያገኙ ልጆች በሒሳብ ካላገኙት ወደኋላ ቀርተው ተገኝተዋል። ዲሲ ውስጥ ደግሞ በ2010 የወጣው የመንግሥት ግምገማ፣ ወላጆች በሰጡት መረጃ መሠረት፣ ስኮላርሺፕ ከቀረበላቸው 82 ፐርሰንቱ ሃይስኩል ሲጨርሱ ካልቀረበላቸው 70 ፐርሰንቱ ብቻ መጨረሳቸውን አሳይቷል። የፈተና ውጤታቸው ላይ ግን አሳማኝ ልዩነት አላገኘም።

ወሳኙ የምታስገቡበት ትምህርት ቤት ራሱ ነው። እውቅና ያለው መሆኑን፣ አስተማሪዎቹ ስንት ዓመት እንደሚቆዩ፣ 8ኛ ክፍል ላይ አልጀብራ እንደሚሰጥ ጠይቁ። አንድ ሙሉ ጠዋት ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ እዩ። ይህን የማይፈቅድ ትምህርት ቤት ካጋጠማችሁ እኔ ብሆን አልፈዋለሁ።

«ብቀበል ግሪን ካርዴን ይነካብኛል»

ብዙ ሰው በዚህ ፍርሃት መብቱን ይተዋል። ግሪን ካርድ የሚያመለክት ሰው የመንግሥት ጥገኛ ይሆናል ወይ ተብሎ በሚመዘንበት በ2022ቱ የፐብሊክ ቻርጅ ደንብ የሚቆጠረው ለመተዳደሪያ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብና በመንግሥት ወጪ በተቋም ውስጥ ለረጅም ጊዜ መኖር ነው። የልጅ ትምህርት ስኮላርሺፕ እዚያ ውስጥ የለም። በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የገቡ ሰዎች ደግሞ ከዚህ መስፈርት ነፃ ናቸው። የኢሚግሬሽን ደንብ ሊቀያየር ስለሚችል ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ጠበቃ ጠይቁ። ስቴቱ ራሱ የሚጠይቀውንም ለዩ፤ ቴክሳስ ልጁ ዜጋ ወይም በሕጋዊ መንገድ የገባ እንዲሆን ትጠይቃለች።

«ካልተስማማን እንመለሳለን»

ሰፈራችሁ ያለው ፐብሊክ ስኩል ልጁን ይቀበላል። የማግኔት ወይም የቻርተር (በምርጫ የሚገባባቸው ነፃ ፐብሊክ ስኩሎች) ቦታ በዕጣ አግኝታችሁ ከነበረ ግን ያ ቦታ አይጠብቃችሁም። የፕራይቬቱ ውልም አለ። ብዙዎቹ ልጁ በጥር ቢወጣም የዓመቱን ቱይሽን ሙሉ ያስከፍላሉ። የስኮላርሺፑ ክፍያ ከልጁ መውጣት ጋር ከቆመ ቀሪው በእናንተ ላይ ይወድቃል። ውሉ ላይ «ስለ መውጣት» የሚለውን አንቀጽ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ፕሮግራሙ ራሱም ሊናወጥ ይችላል። በሰኔ 2025 ኮሎምበስ የሚገኝ ፍርድ ቤት የኦሃዮን ኤድቾይስ የስቴቱን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብሎ ፈርዶበታል። ይግባኝ እስኪታይ እንዲቀጥል ስለተፈቀደ ልጆቹ ወዲያው አልተነኩም።

«ከ2027 ጀምሮ ፌደራል መንግሥት ለሁሉም ይከፍላል»

በሐምሌ 2025 የተፈረመው ሕግ የሚለው ሌላ ነው። ለስኮላርሺፕ ድርጅቶች የሚለግስ ሰው እስከ 1,700 ዶላር ከፌደራል ታክሱ ይቀነስለታል። ድርጅቶቹ ናቸው ለቤተሰብ የሚሰጡት። የቤተሰቡ ገቢ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ ሦስት እጥፍ መብለጥ የለበትም፤ ስቴቱም ለመግባት መወሰን አለበት። ስለዚህ ለዚህ ብሎ «ልመዝግባችሁ» እያለ ዛሬ ብር የሚቀበል ሰው ቢመጣ አትስጡ። የጆርጂያም የዲሲም ማመልከቻ በነፃ ነው። ኦሃዮ ውስጥ እንዲያውም ኤድቾይስን የሚያስገባላችሁ ልጃችሁን የተቀበለው ትምህርት ቤት ራሱ ነው።