ድራሶደስ፦ ድር ሳይዘረጋ የሚያድን የመሬት ሸረሪት

ድራሶደስ ድር ዘርግቶ አድፍጦ የሚጠብቅ ሸረሪት አይደለም። ቀኑን ድንጋይ ወይም የወደቀ ግንድ ሥር ያሳልፋል። ሲመሽ ወጥቶ እየዞረ ያድናል። የሚመደበው ናፎሲዴ በሚባለው የመሬት ሸረሪቶች ቤተሰብ ውስጥ ነው። በዚህ ቤተሰብ ከ2,000 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህ 150 ገደማ የሚሆኑት ድራሶደስ ናቸው። ወገኑን በ1851 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሰየመው ስዊድናዊው ኒክላስ ቬስትሪንግ ነው። ዛሬ በአውሮፓ፣ በእስያ፣ በአፍሪካና በሰሜን አሜሪካ ይታወቃል።

መልኩ ዓይን አይስብም። ግራጫ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፤ ሆዱን አጭርና ለስላሳ ፀጉር ያለብሰዋል። ትልልቆቹ ሴቶች እግር ሳይቆጠር ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ያልፋሉ። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ከሆዱ ጫፍ ሁለት ቱቦ የመሰሉ ነገሮች ተራርቀው ወጣ ብለው ይታያሉ። ክር ማውጫዎቹ ናቸው።

ጉዱ ያለው አደኑ ላይ ነው። ድራሶደስ ነፍሳትን ይበላል፤ ሌሎች ሸረሪቶችንም አይምርም። ሸረሪት ደግሞ ቀላል ታዳኝ አይደለም፤ መርዝ አለው፣ አንዳንዴም በአካል ከአዳኙ ይበልጣል። ዘሎ ልንከስህ ቢለው ራሱ ሊነከስ ይችላል። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማሰር ነው። ክር ማውጫውን መሬት ላይ ጫን ያደርግና በታዳኙ ዙሪያ ይሮጣል። እየተከተለ የሚወጣው ሰፊ፣ የሚያጣብቅ ክር የታዳኙን እግሮች እንደ ፕላስተር ከመሬቱ ጋር ይለጥፋቸዋል። አንዳንዴ አፉንም ይዘጋዋል። መንቀሳቀስ ሲያቅተው ያኔ ቀርቦ ይነክሰዋል።

ዮናስ ቮልፍና ባልደረቦቹ በ2017 ባወጡት ጥናት የዚህን ክር ምንጭ በዝርዝር አሳይተዋል። ሌሎች ሸረሪቶችም የሚያጣብቅ ክር የሚሠሩ ዕጢዎች አሏቸው። የሚጠቀሙባቸው ግን የክራቸውን ጫፍ ግድግዳ ወይም ቅጠል ላይ ለመለጠፍ ነው። በመሬት ሸረሪቶች ግን እነዚህ ዕጢዎች ገዝፈው የአደን መሣሪያ ሆነዋል። በነፃ የመጣ ነገር አይደለም፤ የድሮውን ሥራ፣ ክርን አጥብቆ መለጠፉን፣ እንደ ሌሎቹ አይችሉበትም። የሸረሪት ክር ከድር ሌላም ጥቅም እንዳለው ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ዓይኑም ከዚህ አያንስም። ካሉት ስምንት ዓይኖች ከኋላ መሃል ላይ ያሉት ሁለቱ ሽቅብ ወደ ሰማይ ያያሉ። ጥርት ያለ ምስል ግን አይሰጡትም። የፀሐይ ብርሃን አየር ውስጥ ሲበተን ሞገዱ ባብዛኛው በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ይሆናል። ይህ ፖላራይዝድ ብርሃን ይባላል፤ የእኛ ዓይን አይለየውም። ማሪ ዳክና ባልደረቦቿ በ1999 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ድራሶደስ ኩፕሪየስ የተባለው ዝርያ ሁለቱ ዓይኖች ይህን ብርሃን እንደሚለዩ አሳዩ። የአንደኛው ዓይን አቀማመጥ ከሌላኛው ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል። ሸረሪቱ በሁለቱ የሚገባውን ብርሃን እያነጻጸረ አቅጣጫውን ያውቃል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባለችው ደብዛዛ ሰዓት አድኖ ወደ ጎጆው የሚመለሰው በዚህ እየተመራ ነው። ንቦችና የበረሃ ጉንዳኖችም በዚሁ ብርሃን አቅጣጫ ይለያሉ። ሁለት ሙሉ ዓይን ለዚህ ሥራ ብቻ መስጠት ግን በጣም ይገርማል።

የመራባት ነገር ሲመጣ ወንዱ ትዕግሥተኛ ነው። በአውሮፓ በብዛት በሚታየው ድራሶደስ ላፒዶሰስ ዘንድ፣ ወንዱ በጸደይ ገና ያልደረሰች ሴት ይፈልጋል። ሲያገኛት በክር በተሠራ ጎጆ ውስጥ አብሯት ይቆያል። የመጨረሻ ቆዳዋን ገፍፋ እንደጣለች ይገናኛሉ። እሷ በኋላ ድንጋይ ሥር ሰፊ የክር ክፍል ሠርታ እንቁላሎቿን ትጥላለች፤ ልጆቹ እስኪወጡም ከአጠገባቸው አትጠፋም። ሰውን በተመለከተ አደገኛ ከሚባሉት ሸረሪቶች ውስጥ አይቆጠርም።

ዝርያዎቹን መለየት ግን ፈተና ነው። ወገኑን ለማወቅ የሦስተኛውና የአራተኛው ጥንድ እግሮች ሥር ይታያል፤ እዚያ ባለችው አጭር አንጓ ላይ በግልጽ የሚታይ ጎድጓዳ ቦታ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የማይክሮስኮፕ ነው፤ የወንዱና የሴቷ የመራቢያ አካል ቅርጽ በጥንቃቄ መመርመር አለበት። ላፒዶሰስና ኩፕሪየስ በመልክ እጅግ ስለሚመሳሰሉ ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ዝርያ ሲታዩ ቆይተዋል። በዚህ የተነሳ በድሮ መዝገቦች ላይ ላፒዶሰስ ተብሎ የተጻፈው አንዳንዱ ኩፕሪየስ ሊሆን ይችላል። መዝገቡን ለጥናት የሚጠቀም ሰው ናሙናውን ራሱ መልሶ ማየት ይኖርበታል።